ገበያ ፊት የተከፈተው በር

ሀብትነሽ ቢቸና ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጣለች። ቅቤዋ ለጋ ነው፣ ሚዛኗ የታመነ ነው፣ ምላሷም እንደ ቅቤ ተራ ሴቶች ሁሉ ፈጠን ይላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ንግድ ነው። ትልቋ ተድራ ሉማሜ ትኖራለች፤ ትንሿ ገና ተማሪ ናት።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ሀብትነሽ በየወሩ ሞጣ ትመላለስ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃት «የሞጣ ቅቤ ይሻላል» ትላለች፤ እውነትም ስትመለስ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ተሸክማ ነው። የሚያስኬዳት ግን ቅቤው አልነበረም። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች ቆይታለች፣ መድኃኒቷንም የምትወስደው ከሞጣ ነው።

መድኃኒቱ ቢቸናም አለ። ከገበያው በላይ ያለው ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። እሷ ግን ገና ሳይነጋ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ትወጣና፣ ደብረ ወርቅን አልፋ፣ ግንደወይን ምሳዋን ቀምሳ፣ አቧራ ለብሳ ሞጣ ትገባለች። አድራ በማግስቱ ትመለሳለች።

ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣባት አንድ በር ነው። ጤና ጣቢያው ለዚህ ሕክምና ብሎ አዲስ ቤት ሠርቷል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው የተለሰነ፣ ደህና ቤት ነው። የራሱ መግቢያም አለው። መግቢያው ግን አጥሩን ሰብሮ ወደ ገበያው ይከፈታል፤ ከበሩ በላይ ደግሞ ሰው የሚያህል ቀይ ሪባን የተሳለበት ታፔላ ቆሟል። ትይዩው የቅቤ ተራ ነው። ከሀብትነሽ ጎን የምትቀመጠው አየሁሽ በዚያ በር የገባ የወጣውን አንድ በአንድ ታውቃለች። አየሁሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሀብትነሽ ባሏን ስትቀብር ሳምንት ሙሉ እንግዳ ያስተናገደችላት እሷ ናት። ዓይኗ ግን ከዚያ በር አይነቀልም። አንድ ጊዜ አንዲት ጠላ ሻጭ ስትገባ አየቻት፤ ብዙም ሳይቆይ የሴትዮዋን ጠላ የሚቀምስ ጠፋ። ቅቤ ደግሞ ከጠላም ይብሳል፤ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው።

ግንደወይን ላይ ከቢቸና የሚሄደውና ከሞጣ የሚመጣው መኪና ምሳ ሰዓት ይገናኛሉ። ሀብትነሽ እዚያ ምግብ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ደጋግማ ታያለች፤ ረጅም፣ ሻሿን በሥርዓት ያሰረች፣ ነጋዴ የምትመስል ሴት ናት። አንድ ቀን ሴትየዋ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ቦርሳዋ ከወንበሩ ወደቀ። ከውስጡ ሽክሽክ የሚል ድምፅ ወጣ።

ያንን ድምፅ ሀብትነሽ በሕልሟም ታውቀዋለች። ኪኒኑ በብልቃጥ ነው የሚሰጠው፤ መንገደኛ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። እሷ ቦርሳውን አንስታ ስታቀብላት ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣

«እህቴ፣ ጥጥ ጨምሪበት፤ ዝም ይላል» አለቻት።

ሴትየዋ ደንግጣ ቆመች። ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ የሀብትነሽን ፊት መረመረች።

«አንቺም?» አለች።

«እኔም።»

«ወዴት ነሽ?»

«ሞጣ። አንቺስ?»

«ቢቸና።»

ተያዩ። መጀመሪያ ሴትየዋ ሳቀች፣ ቀጥሎ ሀብትነሽ። ሳቁ አላቆም ብሏቸው አስተናጋጁ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ ተንከተከቱ። «ታዲያ ቤታችንን ብንቀያየር አይቀልም?» አለች ሴትየዋ እንባዋን እየጠረገች።

ስሟ ዓሊማ ነው፤ ሞጣ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። የሞጣው መድኃኒት ክፍል በረንዳ ከባሏ ወንድም ሱቅ ፊት ለፊት ስለሆነ እዚያ ልትቀመጥ አትችልም። «ቢቸና ማን ያውቀኛል? በዚያ በር ሰተት ብዬ ነው የምገባው። ማዶ ያሉት ቅቤ ሻጮች ብቻ እንደ ገበያ በሬ ከላይ እስከ ታች ነው የሚያዩኝ።»

ሀብትነሽ አንገቷን ደፋች። ከሚያዩት አንዷ እሷ ነበረች። አየሁሽ በክርኗ ጎሸም ስታደርጋት ቀና ብላ የምታየው እሷም ናት፤ እንዳትጠረጠር ስትል። ይህን ለዓሊማ አልነገረቻትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቀጠሯቸውን አገናኝተው በወር አንድ ጊዜ ግንደወይን አብረው ይበላሉ፤ በፆም ሽሮ፣ በፍስክ እንቁላል፤ ሥጋ ሲሆን ገበታቸው ይለያያል፣ ወሬያቸው ግን አንድ ነው።

ያ ክረምት ክፉ ሆነ። ሐምሌ ላይ ከግንደወይን ወዲያ ያለው ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው። ሀብትነሽ የተሳፈረችበት መኪና ከመንገድ ተመለሰ። ብልቃጧ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከተጀመረ የሚቋረጥ እንዳልሆነ በደንብ ተነግሯታል። ሞባይል ስልክ ገና መግባቱ ነበርና ለዓሊማ ደወለችላት። ዓሊማም ከወንዙ ማዶ ቀርታለች።

«ስሚኝ» አለች ሀብትነሽ። «ነገ ጠዋት አንቺ በራስሽ በር፣ እኔ በራሴ በር እንገባለን። አንድ ቀን ነው፤ ዓይናችንን ጨፍነን።»

ዓሊማ «ኢንሻአላህ» አለች።

በማግስቱ ሀብትነሽ በገበያው በር መግባት አቃታት። ሁለቴ ደርሳ ሁለቴ ተመለሰች። በመጨረሻ በትልቁ በር ዞራ፣ ካርድ አውጥታ፣ ሆዴን ያመኛል ብላ ከተመላላሽ ሕመምተኞች ጋር ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ያገኘችው ታዘበው የሚባለውን ጤና መኮንን ነው። ወጣት ነው፤ ጤና ጣቢያውን የሚመራው እሱ ነው፣ ከተማውም ዶክተር እያለ ይጠራዋል።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

ሀብትነሽ በሩ መዘጋቱን ዞራ አየች። «አያመኝም። መድኃኒት አልቆብኛል።» ብልቃጡን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ጥጡ በአፉ በኩል ብቅ ብሏል።

ታዘበው ብልቃጡን አየና «ይኼማ በአዲሱ ቤት ነው የሚሰጠው። በገበያው በኩል ዞረው —»

«በዚያ በር አልገባም።»

«ለምን? እዚያ እኮ ወረፋ የለም። እንዳትጉላሉ ብለን ነው ለብቻችሁ የሠራነው።»

«ለብቻችን መሆኑ ነው ዶክተር። እዚያ በር ላይ የታየ ሰው ምን እንዳለበት ለመንገር ለፋፊ አያስፈልገውም። ታፔላው ይናገራል።»

ወጣቱ ክርክር አልገጠማትም። ሞጣ ደውሎ መዝገቧ ያለበትን ክፍል ጠየቀ፣ መድኃኒቱን ራሱ ሄዶ አመጣላት፤ ከዚያ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ድካም አየችበት። «ያንን ቤት ለማሠራት ስንት ደጅ ጠናሁ መሰለዎት» አለ። «እዚህ ተመርምረው ቫይረሱ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው፤ መድኃኒት የሚወስዱት ግን ጥቂት። ሰው አልገባውም ብዬ ገበያ መሐል በሞንታርቦ አስተማርኩ።»

«ሞንታርቦውን ሰምተነዋል» አለች ሀብትነሽ። «ጥሩ ነው የተናገሩት።»

«እንግዲያ ምን ይሁን? ሐሙስ ለት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሰብስቤ ልጠይቅ አስቤያለሁ። እርስዎም ይምጡልኝ።»

«እኔ እንዳልታይ ብዬ ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ይጠሩኛል?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ነሐሴ ሲጋመስ የዓሊማ ስልክ ዝም አለ። ሀብትነሽ ደጋግማ ስትደውል አንድ ቀን ሪሃብ የተባለችው የዓሊማ ልጅ አነሳችው። «እማዬን ታይፎይድ ይዟታል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ታይፎይድ የሚል አልነበረም። ወንዙ እንደ ጎደለ ሀብትነሽ የመጀመሪያው መኪና ላይ ወጣች።

ዓሊማ መደብ ላይ ተኝታለች። ያ ሁሉ ቁመት እንደ ልብስ ተጣጥፎ መደቡ ላይ ጠፍቷል። አፏ ቆስሎ ውሃ መዋጥ ያቅታታል።

«ሄጄ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «በረንዳው ድረስ ሄጄ ነበር። የባሌ ወንድም ሱቁ በር ላይ ቆሞ አየሁትና፣ የሆነ ነገር እንደረሳ ሰው ተመለስኩ። መንገዱ ይከፈታል እያልኩ ጠበቅሁ።»

ሀብትነሽ አልተቆጣቻትም። ምን ብላ ትቆጣት? ሪሃብና እሷ ጋሪ ጠርተው፣ ጋቢ አልብሰው፣ በዚያው በተፈራው በረንዳ በኩል አስገቧት። የባሏ ወንድም ከሱቁ ሮጦ መጥቶ ደግፎ አወረዳት። ምን ሆና ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ ለሞት የቀረበ ሰው በየትኛውም በር ቢገባ አይታማም። ሀብትነሽን ያንገበገባት ይኼ ነው። ስትመለስ መኪናው ውስጥ የጎኗ ሰው ሲያወራት አትሰማውም ነበር።

ዓሊማ መድኃኒቷን እንደገና ጀመረች። እስክትነሳ ግን ጥቅምት ደረሰ።

ሀብትነሽ ቢቸና በገባች በሳምንቱ ታዘበው ዘንድ ሄደች። «ያ ስብሰባ አለ?» አለችው።

«ተጠርቶ ነበር። ማንም አልመጣም።»

«እንዴት ብሎ ይመጣል? በስሙ ነዋ የጠሩት። ሌላ ስም ይስጡት። ቀኑም የገበያ ቀን ይሁን፤ ያን ቀን ከገጠር የመጣው ሁሉ ጤና ጣቢያውን ስለሚሞላው ማን ለምን እንደገባ አይለይም።»

ታዘበው ጥቂት አሰበና ሳቀ። ወረዳው በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት መጸዳጃ ጉድጓድ እያስቆፈረ ስለነበር ስብሰባው የመጸዳጃ ቤት ሥልጠና ተባለ። ስሙ ሠራ። ሠራና ለሀብትነሽ ሌላ ጣጣ አመጣባት፤ የቅቤ ተራ ሴቶች ሁሉ ስለ ጉድጓድ ጥልቀትና ስለ ዝንብ ይጠይቋት ጀመር። የማታውቀውን እየመለሰች ጥቂት ከቆየች በኋላ ታዘበውን ጠይቃ ደህና አድርጋ ተማረችው።

ስብሰባው በክትባት ክፍሉ ነበር። ሀብትነሽ እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባች። አግዳሚው ላይ የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ወይንእሸት፣ የአይሱዙ ሹፌሩ የኔሰው፣ ከጥግ ደግሞ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሰው ተቀምጠዋል። ጥምጥሙን ስታይ እግሯ ቀጥ አለ። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው፣ የቅኔ መምህሩ፤ የባሏን ፍታት ያደረሱት።

መሪጌታ ቀና ብለው አይተዋት፣ «ግቢ ልጄ» አሉ። «ሁላችንም ለጉድጓዱ ነው የመጣነው።»

ሳቅ ሆነ። ሀብትነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች።

ታዘበው ያሰበውን ተናገረ፤ ታፔላውን አንስቶ በሩን ሊያጥረው አስቧል። የኔሰው ተቃወመ። «እኔ ሹፌር ነኝ፣ ስንቴ ነው ተራ የምጠብቀው? ያ በር ቢያንስ ቶሎ ያስወጣል። ሰው ቢያየኝ ባያየኝ ግድ የለኝም።» ወይንእሸት ግን ካርድ ክፍል ውስጥ የሚያስፈራትን ነገረች። የሌላው ሕመምተኛ ካርድ ነጭ ነው፣ የእነሱ ቀይ። በሩ ቢዘጋም ቀዩን ካርድ ይዛ ኮሪደሩን ስታቋርጥ ያው ነው። ታዘበው ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ቀለሙ የተመረጠው ሠራተኛው ቶሎ እንዲያገኘው ተብሎ ነው።

ሀብትነሽ ስለ ብልቃጡ ድምፅ ተናገረች። ኪኒኑን በጨርቅ ቋጥራችሁ ስጡን አለች። ታዘበው ራሱን ነቀነቀ። «እሱን አላደርገውም። እርጥበት ካገኘው ይበላሻል፤ የተበላሸ መድኃኒት ደግሞ ቫይረሱን አይገታም። ጥጡ ግን ይሁን፤ እኛው ንጹሕ ጥጥ ጨምረን እንሰጣለን።» ሀብትነሽ በጨርቅ የቋጠረችበትን ጊዜ አስታውሳ ክው አለች፤ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

መሪጌታ በመጨረሻ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ «ዶክተር» አሉ፣ «ቤቱን በቅንነት ነው የሠራኸው። ደጁ ግን ገመናችንን ደጅ አወጣው። የኔ ነገር በዓል ነው። ቀጠሮዬ በማኅሌት ለት ይውልና ወይ መድኃኒቱን ወይ ከበሮውን አስቀራለሁ። ደህና የሆነ ሰው በየወሩ ከሚመጣ የሁለት ወር ስንቅ ቢይዝ ምን ይጎዳል?»

«እሱን ለበላይ መጠየቅ አለብኝ» አለ ታዘበው።

ጠየቀም። ስንቁ ተፈቀደ፣ ካርዱም አንድ ቀለም ሆነ፤ ታፔላው ግን አስቸገረ። ቤቱን በገንዘብ የረዳው ድርጅት ሊጎበኝ ሲመጣ የሚያየው እሱን ነው። ከወረዳው የመጣ አንድ ሰው «ሕዝብ አይቶት እንዲማር የተሰቀለ ነው፤ መድልዎን የምንዋጋው በመደበቅ አይደለም» ብሎ ታዘበውን ክፉኛ ተናገረው። ታዘበው ለሁለተኛው ስብሰባ ይህንኑ ይዞ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ሰውዬው እውነቱን ነው» አለች ሀብትነሽ። «አንድ ቀን መደበቅ ይቀራል። ግን የኔን ፊት ታፔላ አድርጎ መዋጋት የሱ ድርሻ አይደለም። እኔ ስችል እኔው ልንገር።»

ታዘበው ይህንኑ ቃል በቃል ለወረዳው ነገረ። በኅዳር ታፔላው ወርዶ ውስጥ፣ መማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ግንበኞች መጥተው የገበያውን በር በድንጋይ ዘጉት። ከትልቁ በር ወደ አዲሱ ቤት የሚወስድ መተላለፊያ ተሠራ፤ በዚያ ወደ ክትባቱም፣ ወደ እርጉዞች ክትትሉም፣ ወደ መድኃኒቱም ይኬዳል።

በሩ በግንብ በተዘጋ ሰሞን አየሁሽ ቅቤዋን እያገላበጠች ወደ ድንጋዩ አየች። «እነዚያ ሰዎች ግን አልቀዋል መሰለኝ» አለች። «አንድም ሰው አይታይ።»

ሀብትነሽ ሚዛኑን ይዛ ነበር። ጥቂት ቅቤ ጨመረችበት። «ምን ይታወቃል» አለች። በዚያው ወር መዝገቧን ወደ ቢቸና አዛወረች። የመተላለፊያው ወረፋ በየጊዜው እየረዘመ ሄደ፤ አየሁሽ ራሷ አንድ ቀን የልጅ ልጇን ለክትባት ይዛ መጥታ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀምጣ አወራቻት፣ ምንም አላወቀችም። ወይም አውቃ ዝም አለች። ሀብትነሽ እስከ ዛሬ አልጠየቀቻትም።

ነገሩ ሁሉ ግን አልተቃናም። አግዳሚው ጠበበ፤ የሚያስለው ሰው፣ አራሷና መድኃኒት ወሳጁ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ታዘበው ሦስተኛውን ስብሰባ የከፈተው በዚህ ነው። «በሩን በእናንተ ቃል ዘጋነው፤ አሁን ደግሞ የሳንባ በሽታ ከሚያስለው ሰው ወደ እናንተ እንዳይተላለፍ እፈራለሁ። አቅም ያነሰው ሰው ፈጥኖ ይያዛል።» የኔሰው «ብዬ ነበር!» አለ። ወይንእሸት «ተመልሰን ለብቻችን እንዳንወጣ» ብላ ተቆጣች። ሀብትነሽም የኔሰው እውነት እንዳለው መቀበል መረራት። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ የሚያስሉት ከውጭ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ዳስ ሥር እንዲጠብቁና ቀድመው እንዲታዩ ተስማሙ፤ ዳሱን ለማቆም መሪጌታ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር እንጨት አመጣለሁ አሉ።

በዚያ ስብሰባ ዓሊማ ነበረች። ከሞጣ ለመድኃኒቷ መጥታ ሀብትነሽ ዘንድ አድራ ነው። ከሕመሙ ወዲህ በምርኩዝ ትሄዳለች። ሰዎቹ ሊነሱ ሲሉ፣

«እኔ የሞጣ ሰው ነኝ» አለች። «የናንተ በር ጥሩ ሆኗል። አሁን ከኛ ሰፈር የሚመጣው በርክቷል፤ ባለፈው መኪናው ውስጥ ሁለት የማውቃቸውን አይቼ እነሱም እኔም እንዳልተያየን ሆንን። ክረምት ሲመጣ ግን ወንዙ ይሞላል።»

ታዘበው «ሞጣ ያለውን ኃላፊ አውቀዋለሁ። ልደውልለት?» አላት።

ዓሊማ ሀብትነሽን አየቻት።

«ብቻሽን አትሄጂም» አለች ሀብትነሽ።

ጥር ላይ፣ መንገዱ ደርቆ አቧራ በሚያጨስበት ጊዜ፣ ሁለቱ ሞጣ ገቡ። የዓሊማ የባል ወንድም ሱቁ ፊት ቆሞ ነበር፤ ዓሊማ ሰላምታ ሰጥታው በረንዳውን ወጣች። ኃላፊው ጎልማሳ ሰው ነው፣ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አለ። «ዶክተር ታዘበው ነግሮኛል» አለ። «እናንተ ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

ዓሊማ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። «መጀመሪያ» አለች፣ «ከዚህ ክፍል ወጥተው በረንዳው ላይ እኛ የምንቀመጥበት አግዳሚ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። ማን እንደሚያይዎት ይዩ። ከዚያ እናወራለን።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካና ተነሳ።